በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ላይ ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ ስለ መምረጥና ስለ መግጠም

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በብረት ሥራ የሚተዳደር ባለሙያ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ «ይህ ሥራ ይቻላልን?» የሚለው አይደለም። ለዚህኛው መሣሪያው፣ ልምዱና እጁ መልስ ይሰጡታል። ከባዱ ጥያቄ ሥራው እንደሚቻል ከታወቀ በኋላ «ይገባልን?» የሚለው ነው። የዛሬው ርእስ ለብዙ አድማጭ ጠባብ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ጥያቄዎች ባንድ ላይ የሚነሡበት ስለ ሆነ ለሙያው ሰው ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት አለው።

ነገሩ በምሳሌ ቢጀመር ይቀላል። በመካኒሳ አቦ፣ ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለ እንበል። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ በአቦ ዕለት፣ አንድ አዛውንት ከቅዳሴ ወደ ቤታቸው ተመልሰው፣ እህል ውሃ ቀምሰው፣ ከሰዓት በኋላ በጋቢ የተጠቀለለ ረዥም ነገር ታቅፈው ወደ ሥራ ቤቱ ይመጣሉ። ጋቢው ሲፈታ የሚወጣው በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ነው።

«ልጄ፣ ይህ የአያቴ ነው» ይላሉ። «ዐይኔ ከደከመ ወዲህ የፊቱን ጉብታ ከኋላው ሥንጥቅ ጋር ማገጣጠም አቅቶኛል። በቀዳዳ እየታየ የሚነጣጠርበት አለ ሲሉ ሰማሁ። ብረቱን ብሳልኝና እሱን ግጠምልኝ።»

«እሺ አባባ፣ አረፍ ይበሉ» ይላል ሠራተኛው። ትራፓኖው ከጠረጴዛው ላይ ተሰክቷል፤ ፑንታውም በመጠን በመጠኑ ተደርድሯል። ሥራው ከግማሽ ቀን አያልፍም፤ አዛውንቱም የተጠየቁትን ለመክፈል ዝግጁ ናቸው። ይህ ንግግር ሠራተኛው ትራፓኖውን ከማንሣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን በቅደም ተከተል ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የመሣሪያው ጠባይ

በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ባሩዱም አረሩም በቱቦው ፊት ገብተው በዘንግ የሚጠቀጠቁለት መሣሪያ ነው። የቱቦው ኋላ በወፍራም ብሎን የተደፈነ ነው። ከዚህ መክደኛ ብሎን ወደ ኋላ የሚዘረጋና በእንጨቱ ላይ ተጋድሞ በአንድ ብሎን የሚታሰር የብረት ጅራት አለ። ይህ ጅራት ለማነጣጠሪያው ሥራ ዋና ቦታ ስለሚሆን ስሙን ከአሁኑ መያዝ ያስፈልጋል። እሳቱ ለባሩዱ የሚደርሰው እንደ ዘመኑ በሚነድ ክር፣ በባልጩት ፍንጣሪ፣ ወይም በመዶሻ ተመትታ በምትፈነዳ ትንሽ የመዳብ ቆብ ነው።

ይህ መሣሪያ በኢትዮጵያ ረዥም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1541 በክሪስቶቮ ዳ ጋማ መሪነት ከምጽዋ ወደ ደጋው የዘለቁት 400 ያህል ፖርቱጋሎች በክር እሳት የሚለኮስ ጠመንጃ ይዘው ነበር፤ በኢማም አሕመድ በኩልም የኦቶማን ተኳሾች ተሰልፈው ነበር። ከዚያ በኋላ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በአገሪቱ ጠመንጃ ሲባል በአፈሙዙ የሚጎርሰው ነበር። ለመጉረስ ጊዜ የሚፈጀውን አሮጌ ጠመንጃ ሕዝቡ «ቆመህ ጠብቀኝ» ብሎ መጥራቱ የመሣሪያውን ጠባይ በሁለት ቃል ይገልጸዋል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በአብዛኛው የያዘው ይህንኑ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃና ጦር ነበር። በአንጻሩ የእንግሊዝ እግረኛ የያዘው ከኋላ የሚጎርሰውን ሰናድር ነው። ለብረት ሠራተኛ ትኩረት የሚገባው ነጥብ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሰናድሮች አዲስ ጠመንጃዎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. የ1853 ሞዴል የሆነው በአፈሙዝ የሚጎርስ ኤንፊልድ የቱቦው ኋላ ተቆርጦ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ መክደኛ ተገጥሞለት የተለወጠ ነው። እንግዲህ አሮጌን ጠመንጃ ቆርጦና በስቶ መለወጥ በራሱ ነውር አይደለም ማለት ነው። ነገር ግን ያ ሥራ የተሠራው በመንግሥት የመሣሪያ ፋብሪካ፣ በሺሕ በሚቆጠሩ ተመሳሳይ ጠመንጃዎች ላይ፣ ለዕለቱ አገልግሎት ነበር። አንዱ ቢበላሽ ሌላ ይተካዋል። በመካኒሳ አቦ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመው ግን ምትክ የለውም።

ከመቅደላ ወዲህ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል ከግብፅ ጦር ሬሚንግተን ተማረከ፤ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጊዜም ሕዝቡ ውጅግራ እያለ የሚጠራው የፈረንሳዮች ግራ ጠመንጃና ሌሎችም ከኋላ የሚጎርሱ መሣሪያዎች በሠራዊቱ እጅ በብዛት ነበሩ። በአፈሙዝ የሚጎርሰው ከጦር ሜዳ ወደ ግድግዳ፣ ወደ ሣጥንና ወደ ዕቃ ቤት ገባ። ስለዚህ ዛሬ የሚገኘው እያንዳንዱ የቤተሰብ ታሪክ ያለበት ቅርስ ነው።

ዐይን የሚገጥመው ችግር

በተለመደው የሥንጥቅ ማነጣጠሪያ ተኳሹ ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ማገጣጠም አለበት፤ ከዐይኑ ግማሽ ሜትር ያህል የሚርቀውን የኋላ ሥንጥቅ፣ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚርቀውን የፊት ጉብታ፣ በብዙ ሜትር የሚርቀውን ዒላማ። የሰው ዐይን ግን አጥርቶ የሚያየው በአንድ ጊዜ አንዱን ርቀት ብቻ ነው። ወጣት ዐይን ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት ስለሚዘዋወር ችግሩ አይሰማውም። ዕድሜ ከአርባ ሲያልፍ የዐይን ሌንስ እየጠነከረ ይሄዳል፤ የቅርቡን የማጥራት ኀይሉም ይቀንሳል። ያን ጊዜ የኋላው ሥንጥቅ ጢስ የሸፈነው ይመስላል። የአዛውንቱ ቅሬታ ይኸው ነው።

ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ ይህን ችግር በሁለት መንገድ ያቃልላል። አንደኛ፣ ዐይን ቀዳዳውን አይመለከትም፤ በቀዳዳው አሳልፎ ይመለከታል እንጂ። የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ደበዘዘ ቀለበት ይታያል፤ ዐይንም የፊቱን ጉብታ ያለ ብዙ ጥረት ከቀለበቱ መካከል ያውላል። ስለዚህ ከሦስቱ ነገሮች አንዱ ከሥራ ይወገዳል። ሁለተኛ፣ ቀዳዳው ከዐይን ብሌን ክፍተት የጠበበ ከሆነ ወደ ዐይን የሚገባውን የብርሃን ነዶ ያቀጥነዋል። ነዶው በቀጠነ መጠን ብዥታው ያንሳል፤ ጉብታውም ዒላማውም በአንድነት ጠርተው ይታያሉ። መነጽሩን የረሳ ሰው ጣቱን ጨብጦ በጠባቡ ክፍተት ጽሕፈት ሲያነብ የሚጠቀመው በዚሁ ሕግ ነው።

ይህ ዘዴ ለዘመናዊ ጠመንጃ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ሺሻና በሚባሉት የኦቶማን ጠመንጃዎች ላይ፣ በቱቦው ኋላ የቆመ፣ ከላይ ወደ ታች ቀዳዳዎች የተደረደሩበት የብረት ሳህን ይገጠም ነበር። እነዚህም በአፈሙዝ የሚጎርሱ ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ ሠራዊት ስንመጣ፣ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሲሰለፍ የአሜሪካ መሣሪያ ታጥቆ ነበር፤ የዚያ ጊዜው ኤም ዋን ጋራንድ ጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያ ባለ ቀዳዳ ነው። ከ1970ዎቹ መባቻ ወዲህ በአገሪቱ በብዛት የገባው ክላሽንኮቭ ደግሞ ወደ ክፍቱ ሥንጥቅ የተመለሰ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ የቀዳዳውንም የሥንጥቁንም ጠባይ በእጃቸው የሚያውቁ ብዙ አረጋውያን ወታደሮች አሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ፤ ሕግና ደኅንነት

ስለ ምርጫ ከመነገሩ በፊት ሁለት በሮች መታለፍ አለባቸው። የመጀመሪያው ሕግ ነው። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጠመንጃ መያዝም ሆነ መጠገን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገና ሥራ አስቀድሞ የሚመለከተው ባለሥልጣን ሊፈቅደው እንደሚገባ ይደነግጋል። ፈቃድ የሌለው ሥራ ቤት ጠመንጃውን ተቀብሎ ማሳደር እንኳ አይገባውም።

ሁለተኛው በር ነፍስ የሚጠፋበት ነው። በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ጉርሱን ይዞ ለብዙ ዘመን ሊቀመጥ ይችላል። ቱቦው ከኋላ ድፍን ስለ ሆነ ከፍቶ ማየት አይቻልም፤ ጥቁር ባሩድ ደግሞ በደረቅ ስፍራ ከተቀመጠ በዘመን ብዛት ኀይሉን አያጣም። የባሩድ ጢስ ካየ ብዙ ዓመት የሆነው የግድግዳ ጠመንጃ ጎርሶ የተገኘበት ጊዜ በየአገሩ ብዙ ነው። ትራፓኖ የሚያመነጨው ሙቀት ወይም የሚፈናጠር እሳት ለዚህ ባሩድ ይበቃዋል።

መመርመሪያው ቀላል ነው። አፈሙዙ ወደ ሰው እንዳያይ ተደርጎ ቀጭን የእንጨት ዘንግ እስከ መጨረሻው ይገባል፤ በአፈሙዙ ጫፍ ትክክል ዘንጉ ላይ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ዘንጉ ወጥቶ በቱቦው ውጭ በኩል ይለካል። ባዶ ከሆነ የዘንጉ ጫፍ እሳቱ ወደሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ይደርሳል። ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከጎደለ በውስጡ ነገር አለ። ያን ጊዜ ሥራው ሁሉ ይቆማል፤ ጉርሱን ማውጣት የሚያውቅ የመሣሪያ ባለሙያ እስኪመጣ ማንም አይነካውም።

ስለ ምርጫ

ምርጫው በጠመንጃው ቱቦ ይጀምራል። ቱቦው ውስጡ ልሙጥ ነው ወይስ ጠመዝማዛ መሥመር የተቀረጸበት? በአፈሙዙ በኩል ትንሽ መብራት ቢበራበት ይታያል። መሥመሩ አረሩን ስለሚያሽከረክረው አካሄዱን ያጸናለታል። ልሙጡ ግን ክብ አረሩን የሚለቀው ያለ ሽክርክሪት ነው፤ ከሃምሳና ከሰባ ሜትር በላይ አረሩ ወዴት እንደሚያዘነብል አይታወቅም። በልሙጥ ቱቦ ላይ ረቂቅ ማነጣጠሪያ መግጠም በዘንቢል ውሃ ለመለካት መስፈሪያ እንደ መግዛት ነው። ማነጣጠሪያው የቱቦውን ጉድለት አያርምም፤ የተኳሹን የማየት ስሕተት ብቻ ነው የሚያርመው።

ቀጥሎ የቀዳዳው ስፋት ነው። የዐይን ብሌን ክፍተት በብርቱ ፀሐይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠብባል፤ በጨለማ ደግሞ በወጣት ሰው እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በጠራ ብርሃን በቆመ ዒላማ ላይ ለመተኮስ ከ1 እስከ 1.3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ጥሩ ጥራት ይሰጣል። በጫካ ጥላ፣ በንጋትና በምሽት ግን ያው ቀዳዳ ጥቁር ነጥብ ይሆናል፤ እዚያ ከ2.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ከመጠን በላይ ማጥበብም ትርፍ የለውም፤ ብርሃኑ ያንሳል፤ ከ1 ሚሊ ሜትር እጅግ ሲያንስም ብርሃኑ ራሱ በጠርዙ ላይ እየተበተነ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ዲስኩ እየተፈታ የሚለወጥ ዐይነት ቢመረጥ ይሻላል።

ለዚህ ምርጫ ብረት መቁረጥ አያስፈልግም። ጥቁር ካርቶን በመርፌና በምስማር ልዩ ልዩ ስፋት ባላቸው ቀዳዳዎች ይበሳል፤ ሰውየው ካርቶኑን ከዐይኑ ፊት ይዞ፣ በአንድ ሜትር ርቀት የቆመ ክብሪት እንጨትና ከዚያ ወዲያ የራቀ ዛፍ በአንድነት ሲጠሩለት የታየበት ቀዳዳ መጠኑ ነው። ካርቶኑ ምንም ለውጥ ካላመጣ ችግሩ ሞራ ወይም ሌላ የዐይን ሕመም ሊሆን ስለሚችል መንገዱ ወደ ብረት ሠራተኛ ሳይሆን ወደ ዐይን ሐኪም ነው።

ሦስተኛው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። በጅራቱ ላይ የተተከለ ማነጣጠሪያ ለዐይን የቀረበ ስለ ሆነ ከሁሉ ይመረጣል። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት በረዘመ መጠን ስሕተቱም ያንሳል። ለምሳሌ በመካከላቸው 60 ሳንቲ ሜትር ባለበት ጠመንጃ የግማሽ ሚሊ ሜትር መዛነፍ በ100 ሜትር ላይ ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ያስታል። ርቀቱ 85 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ያው መዛነፍ የሚያስተው ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ነው።

ነገር ግን አንድ መሰናክል አለ። በአንዳንድ ጠመንጃዎች ጅራቱ ከቱቦው ጋር አንድ አይደለም፤ ቱቦው በመንጠቆ ተያይዞ ለማጠቢያ ሲነሣ ጅራቱ ከእንጨቱ ጋር ይቀራል። በእንዲህ ያለው ላይ ማነጣጠሪያው በጅራቱ ከተተከለ ቱቦው በወጣና በገባ ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው ልክ ጥቂት ይናጋል። ስለዚህ ባለ መንጠቆ ከሆነ ማነጣጠሪያው ከቱቦው ጋር ቢያያዝ ይሻላል፤ ጅራቱ ከመክደኛው ብሎን ጋር አንድ ወጥ ከሆነ ግን ጅራቱ ይመረጣል።

አራተኛው ከፍታና ርቀት ነው። ሰውየው ዐይኑን ጨፍኖ ጠመንጃውን እንደ ልማዱ ትከሻው ላይ ያሳርፍ፤ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ያስደግፍ፤ ከዚያ ዐይኑን ይክፈት። ዐይኑ የሚገኝበት ከፍታ የቀዳዳው ከፍታ መሆን አለበት። ቀዳዳውን ፍለጋ አንገት የሚሰገግ ከሆነ ማነጣጠሪያው ረዝሟል። ከዐይን ያለው ርቀትም ከ5 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ጠመንጃው ሲረግጥ ብረቱ ቅንድብ ይሰብራልና። የኋላው ከፍ ሲል አረሩም ከፍ ብሎ ስለሚመታ የፊቱ ጉብታ ረዘም ባለ መለወጥ ይኖርበት ይሆናል። ጉብታው ቀጭንና ጥቁር ይሁን፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነ በኩራዝ ጥላሸት ቢጠቆር ይበቃዋል።

ስለ መግጠም

የአገጣጠም የመጀመሪያ ሕግ ያለውን ቀዳዳ መጠቀም ነው። ጅራቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስረው ብሎን ወጥቶ፣ የማነጣጠሪያው መሠረት በቦታው ተቀምጦ፣ ያንኑ ጥርስ ባለው ነገር ግን በመሠረቱ ውፍረት ልክ በረዘመ አዲስ ብሎን ሊታሰር ይችላል። የድሮው ብሎን በከረጢት ተደርጎ ስም ተጽፎበት ይቀመጣል። እንዲሁም የኋላው ሥንጥቅ በጎድጓዳ ማገናኛ የተሰካ ከሆነ እርሱ ወጥቶ በዚያው ጎድጓዳ የሚሰካ ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ መሥራት ይቻላል። በሁለቱም መንገድ ጠመንጃው በማናቸውም ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የግድ መብሳት የሚያስፈልገው በዘመናችን ለስፖርት በሚሠሩ ቅጂዎች ላይ ነው። እነዚህ ቅጂዎች በተለይ በሰሜን ኢጣልያ ይሠራሉ፤ በዓለም አቀፍ የአፈሙዝ ጎራሽ ጠመንጃ ውድድርም የጥንቶቹና ቅጂዎቹ ለየብቻ ይወዳደራሉ። በቅጂ ላይ ሲሠራ ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

ቱቦው ከእንጨቱ ይለያል፤ የሞርሳው ጥርስ እንዳይበላው በቆዳ ወይም በእንጨት ተጠቅልሎ ይታሰራል። የላይኛው ገጽ በውሃ ልክ ይስተካከላል፤ የፊቱ ጉብታ ቀጥ ብሎ መቆሙ በቱምቢ ይታያል፤ መካከለኛው መሥመርም በቀጭኑ ይጫራል። ከሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች በመጀመሪያ አንዱ ብቻ በቡሊኖ ተመትቶ ይበሳል፤ ጥርስ ይወጣለታል፤ መሠረቱም በእርሱ ይታሰራል። ከዚያ በመሥመሩ ላይ መዋሉ እንደገና ከተረጋገጠ በኋላ ሁለተኛው በራሱ በመሠረቱ ቀዳዳ በኩል ምልክት ይደረግበታል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚበሳ ሰው አንዱ ሲዛነፍበት ማረሚያ የለውም። ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚበሳው በ3.3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ነው።

ባሩዱ ከሚያርፍበት ክፍል በላይ ግን ፈጽሞ አይበሳም። ምክንያቱን ስሌት ያሳያል። ከጎን እስከ ጎን 24 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የውስጥ ስፋቱ 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ የግድግዳው ውፍረት 5.65 ሚሊ ሜትር ነው። ብሎኑ በብረት ውስጥ ጸንቶ እንዲይዝ ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል፣ ማለትም 4 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት። ከተበሳው በታች የሚቀረው 1.65 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ያህል ስስ ብረት የባሩዱን ግፊት እንዲችል ማድረግ የተኳሹን ፊት ለዕድል መስጠት ነው። ጅራቱ ግን ግፊት ስለማያርፍበት ከዳር እስከ ዳር ቢበሳም አደጋ የለውም። በመካከላቸው ባለው በመክደኛው ብሎን ጥርስ አካባቢ ያለ ፋብሪካው ሥዕል መሥራት አይገባም።

ስለ ማስተካከል

ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ቃታው ተከፍቶ በቱቦው ውስጥ ዒላማውን እያዩ ማነጣጠሪያውን ማቀራረብ ይቻላል። በአፈሙዝ የሚጎርሰው ከኋላ ድፍን ስለ ሆነ ይህ ዘዴ የለም። ስለዚህ በተፈቀደ የመተኮሻ ቦታ፣ ሰፊ ወረቀት ተዘርግቶ፣ በ25 ሜትር ይጀመራል። የባሩዱ መጠን፣ አረሩና አጠቃጠቁ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። ከአምስት ተኩስ በፊት ምንም አይነካም፤ የአምስቱ መካከል ይፈለጋል፤ ከዚያ ይስተካከላል። በእያንዳንዱ ተኩስ ማነጣጠሪያውን የሚያዞር ሰው ጥላውን እንደሚያሳድድ ነው።

መጠኑ በስሌት ይገኛል። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት በስሕተቱ ተባዝቶ ለዒላማው ርቀት ይካፈላል። ለምሳሌ በመካከላቸው 80 ሳንቲ ሜትር ያለበት ጠመንጃ በ50 ሜትር ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢመታ የኋላው በ2.4 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። የኋላው ማነጣጠሪያ የሚንቀሳቀሰው አረሩ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ ነው፤ የፊቱ ግን በተቃራኒው።

ሁለት ማሳሰቢያዎች ይቀራሉ። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለል አየር በአምስተኛ እጅ ገደማ የሳሳ ነው። ክብ አረር ደግሞ አየር ቶሎ የሚያደክመው ነው። ስለዚህ በደጋ የተስተካከለ ጠመንጃ ቆላ ሲወርድ በሩቅ ዒላማ ላይ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይመታል። እንዲሁም የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ስቦ ብረት ይበላል፤ ቀዳዳውንም ይደፍናል። ከተኩስ በኋላ ቱቦው በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ሲቀባ የማነጣጠሪያው ዲስክና ብሎኖችም አብረው መጽዳት ይገባቸዋል።

የሠራተኛው መልስ

አሁን ወደ መካኒሳ አቦ እንመለስ። ሠራተኛው ይህን ሁሉ የሚያውቅ ከሆነ በመጀመሪያ አዛውንቱን ስለ ፈቃዱ ይጠይቃቸዋል፤ ጉርስ እንደሌለበት በዘንግ ይመረምራል፤ በቱቦው ውስጥ መብራት ያበራል። ቱቦው ልሙጥ ነው እንበል፤ በዝገትም ተበልቷል። እንዲህ ያለው ብረት ምንም ማነጣጠሪያ ቢገጠምለት ዳግመኛ ባሩድ ሊቀርበው አይገባም። ከዚያ ካርቶን በምስማር በስቶ ለአዛውንቱ ይሰጣቸዋል። አዛውንቱ ካርቶኑን ከዐይናቸው አስጠግተው ጠመንጃውን ያነሣሉ፤ የፊቱ ጉብታ ከዘመናት በኋላ ጠርቶ ይታያቸዋል።

«ይኸው ታየኝ!» ይላሉ። «እንግዲህ ብሳውና ግጠመው።»

«አባባ፣ ዐይንዎ ቀዳዳ እንደሚያስፈልገው እውነት ነው» ይላል ሠራተኛው። «ብረቱ ግን አያስፈልገውም። ይህ ጠመንጃ ከእንግዲህ አይተኩስም፤ ቢተኩስ እርስዎን ነው የሚጎዳው። እኔ ብበሳው ደግሞ የአያትዎ መሆኑ ቀርቶ የእኔ ሥራ ይሆናል። ዝገቱን እንዴት እንደሚያቆሙት ከቅርስ ባለሥልጣን ጠይቀን እንደ ነበረ እናቆየው። መተኮስ ከፈለጉ በፈቃድ በሚገኝ አዲስ ቅጂ ላይ በዐይንዎ ልክ እሠራልዎታለሁ።»

አዛውንቱ ለጊዜው ቅር ሊላቸው ይችላል። ሠራተኛውም የዕለቱን ገቢ ያጣል፤ ይህ ኪሳራ ቀላል ነው የሚል የሥራ ቤት ኪራይ ከፍሎ የማያውቅ ሰው ነው። ነገር ግን የተከለከለው ነገር ቢሠራ ኖሮ የሚመጣውን ጉዳት ማንም ሊጠግነው አይችልም። በዲስክ ላይ ያለ ቀዳዳ ቢጠብ ይሰፋል፤ ቢሰፋ ይለወጣል። በጥንት ብረት ላይ የተበሳ ቀዳዳ ግን በብየዳ ቢደፈን እንኳ ጠባሳው ይኖራል።

ስለዚህ የሙያው ሰው በልቡ ሊይዘው የሚገባው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ ማነጣጠሪያው በዐይን ልክ ይመረጣል፤ አገጣጠሙ በጠመንጃው አቅም ይወሰናል፤ መብሳት የመጨረሻው መንገድ ነው፤ ምትክ በሌለው ነገር ላይ ግን መንገድ አይደለም። ይህ ትምህርት ከጠመንጃ ውጭም፣ አሮጌ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የድሮ የእጅ ሰዓት ወይም የአያት የልብስ ስፌት መኪና ይዞ ለሚመጣ ባለጉዳይ ሁሉ ይሠራል።